የመሥሪያ ቤት የታሪክ ሰው፤ ከብቸናና ከሞጣ የምንማረው

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት በታሪክ ተማሪዎች ስም የቀረበ)



«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ማታ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም አንድ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ማለት ግብር የሚተምን፣ መሬት የሚለካና የሚመዘግብ፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ መሥሪያ ቤት፣ የታሪክ ሰው ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚል ጥያቄ ነው።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች «ተመርቃችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ከሁለት አይበልጥም። አንዱ መምህርነት ነው፤ ሁለተኛው በወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቅርስ መመዝገብ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። መርጡለ ማርያምን፣ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን በያዘ አገር ተወልዶ የቅርስ መዝጋቢን ሥራ የሚንቅ ሰው ከመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ግብር ሰብሳቢው፣ መሬት ለኪውና ፈቃድ ሰጪው የታሪክ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አላየንም። መሐንዲስ ይፈልጋል፤ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የሕግ አዋቂ ይፈልጋል። ታሪክን ግን ሥራ ሲያልቅ ለበዓል መጽሔት የሚጻፍ ጌጥ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ መከተል ይበቃል።

እንደሚታወቀው ሁሉ በቀድሞው ዘመን የጎጃም ባላገር መሬቱን የሚይዘው በርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልዱን ቈጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባት ሲደርስ የሚያገኘው መብት ነው። አለን ሆበን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በዳሞት ተቀምጠው ይህን ሥርዓት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አሳትመውበታል። በዚህ ሥርዓት ካርታ የለም፤ ማኅተም ያለበት ደብተርም የለም። ባለርስቱ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌ እገሊትን ወለደ» እያለ ይቈጥራል። ቈጠራው ከተቃና ድርሻ ያገኛል፤ ከተሳሳተ ይረታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በእንዲህ ያለው አገር ታሪክ ማወቅ የምሁር ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ትውልዱን የረሳ መሬቱን ያጣል። ስለዚህ የብቸናና የሞጣ ባላገር ፊደል ባይቈጥርም በራሱ መንገድ የታሪክ ሰው ነበር። ማን መቼ መጥቶ ምን እንደ ጠየቀ፣ ማን ምን ብሎ እንደ ማለ፣ የትኛው ሹም ቃሉን እንዳጠፈ ያስታውሳል። በእርሱ ፊት የሚቆመው መሥሪያ ቤት ግን ሹሙ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ጸሐፊው ይዛወራል፤ መዝገቡም በመጋዘን ተከምሮ አቧራ ይጠጣል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይህ መርሳት ምን እንዳስከተለ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የመሬት ግብር አወጀ። ግብሩ የተመደበው በጋሻ ነበር፤ ለለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር። ይህ አዋጅ መሬቱ በቀላድ ለተለካበት ለደቡቡ አገር የሚስማማ ነው። የጎጃም ርስት ግን በጋሻ አልተለካም። ባለርስቱም ቀላድ መጣል ማለት ምን እንደ ሆነ ከሌላው አገር ሰምቶ ያውቃል። መሬት ሲለካ ትርፍ ይወጣል፤ ትርፉ ወደ መንግሥት ይገባል፤ ባለርስቱ የነበረውም በአባቶቹ መሬት ላይ ገባር ይባላል። ስለዚህ ሕዝቡ እንቢ አለ። ያ ሕዝብ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአርበኝነት የተዋጋ፣ በብቸና በኩል የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ጦር ያበቀለ፣ መሣሪያ በእጁ ያለ ሕዝብ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። በመጨረሻ መንግሥት አሳቡን ለወጠ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 70 ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ በጋሻ ከተመደበው ግብር ወጥተው በቀድሞው ልማዳቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ።

ይህ ለመሥሪያ ቤት ትልቅ ትምህርት ነበር። ይሁን እንጂ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ማለት በፈረንጅ 1967 የወጣው ቁጥር 255፣ ታወጀ።

ስለዚህ አዋጅ ስንናገር ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሕጉ በአሳቡ ክፉ አልነበረም። በዐሥራት ፋንታ ይከፈል የነበረውን ግብር አስቀርቶ ሰው በምርቱ ልክ እንዲከፍል፣ ትልቁም ባለመሬት የድርሻውን እንዲያወጣ የታሰበ ነው። በአዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው የዘመናዊነት ምልክት ይመስላል። የዚያን ጊዜ ተማሪዎችም በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው በአደባባይ ወጥተው ስለ ነበር የባለመሬት ግብር ሲጨምር የሚያዝኑ አልነበሩም።

በብቸናና በሞጣ አውራጃዎች ግን ነገሩ የተሰማው በሌላ ጆሮ ነው። «ምርትህን ልንገምት መጣን» ሲባል ባላገሩ «ምርቱን ለመገመት መሬቱን ሊለካ ነው» ብሎ ተረዳ። «መሬት አይለካም» ተብሎ ቢነገረውም አላመነም። ለምን ያምናል? በ1934 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውሳል። ከዚህም በላይ በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ አስተዳደር ላይ ብዙ ቅሬታ ተጠራቅሞ ነበርና ግብሩ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት ሆነ። ገማቾች ተመለሱ፤ ሕዝቡ በየአካባቢው ተሰበሰበ፤ ከሞጣና ከብቸና ሌላ በዳሞትና በሌሎችም አውራጃዎች ዐመፅ ተነሣ። መንግሥት መጀመሪያ ሽማግሌና መርማሪ ላከ፤ ኋላም ጦር ላከ፤ የጦር አውሮፕላንም በገጠሩ ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ከጎጃም ተነሡ። በ1961 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎጃም ሄደው ውዝፉን ግብር ማሩ። ሰው ሞቶ፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ከብት አልቆ መንግሥት የደረሰበት ስፍራ በ1937 ዓ.ም. ደርሶበት የነበረው ያው ስፍራ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። በ1959 ዓ.ም. አዋጁ በሚረቀቅበት ጊዜ በገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ አንድ የታሪክ ሰው ወንበር ቢኖረው ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? የሚያስፈልገው ትልቅ መጽሐፍ አልነበረም፤ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ይበቃው ነበር። በመጀመሪያው ገጽ በ1934 ዓ.ም. በጎጃም ምን ታዘዘ፣ ሕዝቡ ምን ብሎ ተረጐመው፣ በ1937 ዓ.ም. መንግሥት ምን ፈቀደ፣ ስለ ምንስ ፈቀደ ብሎ ይጽፍ ነበር። በሁለተኛው ገጽ ደግሞ «ገማች» የሚለው ቃል በባለርስቱ ጆሮ «ቀላድ ጣይ» ተብሎ እንደሚሰማ፣ ስለዚህም ከጭቃ ሹሙና ከሽማግሌው ጋር አስቀድሞ ሳይመክሩ ሰው መላክ አደገኛ እንደ ሆነ ያስታውቅ ነበር። ይህ ማስታወሻ ብቻውን ዐመፁን ያስቀር ነበር አንልም። በአስተዳደሩ ላይ የነበረው ቅሬታ በወረቀት የሚጠፋ አልነበረም። ነገር ግን ሹማምንቱ «አላወቅንም ነበር» ለማለት አይችሉም ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች «ዕውቀቱ በዚያን ጊዜ አልነበረም» ይሉን ይሆናል። ይህ ትክክል አይደለም። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። የመሬትን ሥሪት፣ የግብርን ዓይነትና የአገዛዝን ደንብ ሰብስበው የጻፉት እኒህ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ እንጂ የታሪክ መምህር አልነበሩም። ከእርሳቸው በፊትም በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ቀረጥና ንግድ ሲቈጣጠሩ ያዩትን ከአገር ታሪክ ጋር አገናኝተው ጽፈዋል። ስለዚህ በአገራችን የመሥሪያ ቤት ሥራና የታሪክ ሥራ ተጋብተው ያውቃሉ። የጐደለው መጽሐፍ ሳይሆን ወንበር ነው። ዕውቀቱ በመደርደሪያ ላይ ነበር፤ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የሚያነበው ሰው በስሙ አልተመደበም ነበር።

ኋላ ስለ ጎጃም ዐመፅ በደንብ የተጻፈውም ከመሥሪያ ቤት ውጭ ነው። ኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር ገብሩ ታረቀ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ ዐመፆች አጥንተው በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም ዋና ምስክር ነው። ሆኖም መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በውጭ አገር የታተመ ስለ ሆነ በብቸና የመሬት ጽሕፈት ቤት ለሚሠራው ባለሙያ በቀላሉ አይደርሰውም።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ዛሬ ርስት የለም፤ ቀላድ የለም» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፤ የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሽሮታል። ነገር ግን የገበሬው ትዝታ በአዋጅ አይሻርም። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደርጓል። ከጎጃምም ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መሬት አስተዳደሩ ይዞታን እየለካ የባልንም የሚስትንም ስም የያዘ የማረጋገጫ ደብተር ሰጠ። ይህ ሦስተኛው ሥራ ለገበሬው ዋስትና ይሰጣል፤ እኛም እንደግፈዋለን።

ነገር ግን ገመድ ይዞ በማሳ ውስጥ የቆመውን ወጣት ባለሙያ አስቡት። እርሱ የያዘው አንድ ገመድ ነው፤ የዛሬው። ሽማግሌው የሚያየው ግን ሦስት ገመድ ነው፤ አባቱ በ1934 ዓ.ም. የሰሙለትን ቀላድ፣ በ1960 ዓ.ም. የተሰደደውን ገማች፣ በ1989 ዓ.ም. መሬት የቈረሰውን ሽግሽግ። ባለሙያው «ይህ ለራስህ ጥቅም ነው» ሲለው ሽማግሌው ዝም ቢል፣ ወይም ልኩን ቢያሳንስ፣ ባለሙያው «ድንቁርና ነው» ብሎ ይጽፋል። ድንቁርና አይደለም፤ ማስታወስ ነው። ይህን ለባለሙያው የሚያስረዳ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንድረስ። የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው ስለ መሥሪያ ቤቱ እውነቱን ሊጽፍ ይችላልን? «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» አይባልበትምን? በአገራችን የዜና መዋዕል ጸሐፊ በቤተ መንግሥት ይኖር ነበር። ብዙ ጠቃሚ ነገር አቆይቶልናል፤ ነገር ግን የጌታውን ጥፋት ለመጻፍ እጁ የታሰረ ነበር። የታሪክ ምሩቅ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የአለቃውን ፎቶግራፍና የበዓሉን ንግግር ብቻ የሚያሳትም ከሆነ ታይፕ መምታት የሚችል ሰው ይበቃል፤ እኛ አራት ዓመት መማር አያስፈልገንም።

ነገር ግን ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ማመንጫዎችን የሚቈጣጠር ኮሚሽን አለ። ይህ መሥሪያ ቤት የራሱ የታሪክ ሰው ነበረው፤ ሳሙኤል ዎከር የተባሉ ምሁር በዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። በመጋቢት 1971 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለ ስፍራ ከማመንጫዎቹ አንዱ አደጋ ደረሰበት። ሹማምንቱ በቂ ወሬ ሳይኖራቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ስለ ሰጡ ሕዝቡ ተሸበረ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ዎከር የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ መርምረው፣ የገዛ መሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ግራ የተጋቡበትን ሰዓት ሁሉ ሳይሸሽጉ በ2004 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። ያሳተመውም መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቢሆኑም የጻፉትን ከውጭ ያሉ ምሁራን የሚመዝኑት ሆነ ማለት ነው።

አገራችን አሜሪካ አይደለችም ትሉን ይሆናል። እኛም አላልንም። ነገር ግን ስሪ ማይል አይላንድንና ሞጣን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በሁለቱም ስፍራ ተቆጣጣሪው የተናገረው ቃልና ሕዝቡ የሰማው ቃል አልተገናኙም። በዚያ ይህ ልዩነት በመሥሪያ ቤቱ ሰው ተጽፎ ለሚቀጥለው ሹም ተቀመጠለት። በእኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ሹም ከባዶ ይጀምራል።

ስለዚህ የታሪክ ሰው በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ሦስት ነገር ሊፈቀድለት ይገባል እንላለን። አንደኛ፤ መዝገቡን ሁሉ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ እንዲያይና እንዲጠብቅ። ሁለተኛ፤ አዲስ ደንብ ከመውጣቱ በፊት እንጂ ከወጣ በኋላ ብቻ እንዳይጠየቅ። ሦስተኛ፤ የጻፈውን ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ያሉ ምሁራን አይተው እንዲተቹት፣ አለቃው ግን እንዳይሰርዝበት። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ወንበሩ ቢሰጠንም ባንቀመጥበት ይሻላል።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። ወንበሩን ከመጠየቃችን በፊት ሥራውን ማሳየት አለብን። በ1960 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው የሞጣ ወጣት ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ተቃርቧል። ገማቹን ማን እንደ መለሰው፣ ሽማግሌው ምን ብሎ እንደ ተላከ፣ ቦምብ ሲወድቅ ከብቱን ወዴት እንደ ነዳ የሚነግረን እርሱ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ጦርነት ወደ ገጠሩ መሄድን ከባድ አድርጎታል፤ በየጽሕፈት ቤቱ ላለው መዝገብም ያሰጋል። ይሁን እንጂ ከብቸናና ከሞጣ ወጥተው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። ከመካከላችንም አያቱን የሚያስታምም፣ የአጎቱን ቤት የሚያውቅ አይጠፋም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። እያንዳንዳችን በመጪው የዕረፍት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት እናነጋግር። ቃላቸውን እነርሱ እንደ ተናገሩት፣ ሳናስተካክልና ሳናሳምር፣ በሙሉ ፈቃዳቸው እንጻፍ። ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ አናውጣ። የሰበሰብነውን አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት እናስቀምጥ። መምህራኖቻችንም የጥያቄውን ዝርዝር በማዘጋጀት እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን። መሥሪያ ቤቱ ባያነበው እንኳ «አልተነገረኝም» እንዳይል እናደርጋለን።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመንግሥት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መሐንዲስ የሚሆነው፣ ሕግ የሚያረቀው፣ ግብር የሚተምነው ከዚህ አዳራሽ ነው የሚወጣው። የታሪክ ተማሪ ላልሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ትእዛዝ ከመላካችሁ በፊት፣ ከእናንተ በፊት የሄደው ትእዛዝ ምን ሆኖ እንደ ተመለሰ ጠይቁ።